ችግኙ ጸድቋል?

አንድ ማታ እናቴ ሰፌድ ታቅፋ ምስር ትለቅማለች። ቴሌቪዥኑ እንደልማዱ ክፍት ነው። ዜና አንባቢው ስለ አንድ ረቂቅ አዋጅ ሲያወራ ቆየና "በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ" ብሎ ጨረሰ። እናቴ ከሰፌዱ ቀና ሳትል፣ "እሱስ ጸደቀ፤ እኔ ነኝ የቀረሁት" አለች።

እኔ ሳቅኩ። ታናሽ ወንድሜ ግን አልሳቀም። እሱ ጴንጤ ነው። ዐሥራ አንደኛ ክፍል እያለ ጌታን ተቀበለ፤ ያኔ እናቴ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። አሁን ተላምደዋል። ቢሆንም እንዲህ ያለ ቀዳዳ ሲያገኝ አያልፈውም።

"እማዬ፣ አንቺም እኮ ዛሬውኑ መጽደቅ ትችያለሽ።"

"ዛሬ? በየትኛው ሥራዬ?"

"በሥራ አይደለም እኮ ነው የምልሽ።"

"በሥራ ካልሆነማ እኔ በዚህ ጉልበቴ ምን አንገበገበኝና ነው የምሰግደው?" አለችና አንዲት ጠጠር ከምስሩ ለቅማ በጓሮ በር ወረወረች።

ክርክሩ በዚያው አበቃ። እኛ ቤት ይህ ነገር የሚያበቃው ሁሌም እንዲህ ነው፤ ወይ አንዱ ይነሳና ቡና ያፈላል ወይ መብራት ይጠፋል። ሀያ ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ መሃል ላይ ተቀምጬ ነው የሰማሁት። መሃል የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሁለቱንም የሚታዘብ ይመስለዋል። ታዛቢ ነኝ ስል እጅ ከፍንጅ የተያዝኩበትን ታሪክ ነው የምጽፈው።

እናቴና ወንድሜ የሚጣሉት በግስ ነው። እሱ "ድኛለሁ" ይላል። ያለቀ፣ የተዘጋ ነገር ነው። ቀኑን ሳይቀር ያውቀዋል፤ መጋቢት ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት። እሷ በሕይወቷ "ድኛለሁ" ብላ አታውቅም። "ያድነኝ" ነው የምትለው። "እንደ ቸርነቱ"፣ "እሱ ያውቃል"። እሱ "ድኛለሁ" ሲል ለእሷ ጉራ ነው። እሷ "እሱ ያውቃል" ስትል ለእሱ ተስፋ መቁረጥ ነው። አማርኛችንም ነገሩን ያባብሰዋል፤ ከወባ የተነሳም ዳነ፣ ከሲኦል ያመለጠም ዳነ ነው። "በሽተኛ ድኛለሁ የሚለው ሐኪሙ ሲያሰናብተው ነው፤ አንተን ማን አሰናበተህ?" ብላው ታውቃለች። እሱም አላነሰም፤ "አንቺ መድኃኔዓለም እያልሽ ትጠሪዋለሽ፣ እኔ መድኃኒቱን ዋጥኩ። ማናችን ነን የምንድነው?" አላት። እውነት ለመናገር ያን ቀን ያሸነፈው እሱ ነው።

ከዚያች የምስር ማታ በኋላ ግን "ጸደቀ" የሚለው ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አዋጅ ይጸድቃል። ሰው ይጸድቃል። ችግኝም ይጸድቃል። ለሦስቱም አንድ ግስ ነው ያለን።

አዋጅ ሲጸድቅ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊደል አይለወጥም። ጠዋት ረቂቅ ነበር። እጅ ይወጣል፣ ይቆጠራል፣ ከሰዓት ሕግ ይሆናል። የተለወጠው ሥልጣን ባለው አካል ፊት ያለው ቦታ ብቻ ነው። የወንድሜ ጽድቅ ይህን ይመስላል። ዳኛው በክርስቶስ ሞት ምክንያት "ነጻ ነህ" አለው፤ አለቀ። የጳውሎስ ቃል ከአፉ አይጠፋም፤ "ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም፤ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም።" ኤፌሶን ምዕራፍ 2፣ ቁጥር 8 እና 9። ሁሌ ቁጥር 9 ላይ ነው የሚያቆመው። ቁጥር 10 እግዚአብሔር አስቀድሞ ስላዘጋጀው መልካም ሥራ ይናገራል፤ እሷን ሲያነባት ድምፁ ትንሽ ዝቅ ይላል።

ለችግኝ ግን እጅ የሚያወጣለት የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እኔም ከመሥሪያ ቤት በአውቶቡስ ተጭኜ ሄጄ ስድስት ተክያለሁ። ፎቶም ተነስቻለሁ። ከዚያ በኋላ ሰው የሚጠይቀው ስንቱ ተተከለ ብሎ አልነበረም፤ ስንቱ ጸደቀ ብሎ ነው። የእኔዎቹ ስድስቱ የት እንደደረሱ አላውቅም፤ ተመልሼ አላየኋቸውም። የእናቴ ጽድቅ እንዲህ ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ ማንም ሳይጠይቅህ ተተክለሃል። ከዚያ በኋላ ግን ክረምት አለ፣ በጋ አለ፣ የጎረቤት ፍየል አለ። ያዕቆብ በመልእክቱ "ከሥራ የተለየ እምነት የሞተ ነው" ሲል እናቴ የሚታያት የደረቀ ችግኝ ሳይሆን አይቀርም።

ጠቡ የእኛ ቤት ፈጠራ አይደለም። ማርቲን ሉተር በፈረንጆች 1517 በገንዘብ ስለሚሸጠው የይቅርታ ወረቀት 95 ነጥቦቹን ሲያወጣ ውስጡ ያለው ጥያቄ ይኸው ነበር። ሰውዬው መነኩሴ ነበር፤ ሰዓታት በሚፈጅ ኑዛዜ ንስሐ አባቱን ያሰለቸ መነኩሴ። የሚገርመው ደግሞ በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋግሯል። ሲመለስም የድጋፍ ደብዳቤ ተጽፎለታል። የእኛ ሰው መሸኛ ሳይዝ የትም አይሄድም መቼም። ከዚያ ከአራት መቶ ስልሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1999፣ ካቶሊኮችና ሉተራውያን ጀርመን ውስጥ አውግስቡርግ ላይ አንድ መግለጫ ተፈራረሙ። ሰው የሚጸድቀው በጸጋ ነው፣ መልካም ሥራ የዚያ ፍሬ ነው በሚለው መሠረታዊ ነገር ተስማምተናል አሉ። የእናቴ ቤተ ክርስቲያን ጠቡ ውስጥም ስምምነቱ ውስጥም አልነበረችም። እኛ ቤት እንደሆነ ዜናው እስካሁን አልደረሰም።

ወደ እኔ ልምጣ።

ሰንበት ትምህርት ቤት ዐሥርቱን ትእዛዛት በዜማ ነው ያጠናነው። አትግደል፣ አታመንዝር፣ አትስረቅ። ቀጥሎ ስድስቱ ቃላተ ወንጌል መጡ፤ ተርቤ አብልታችሁኛል፣ ተጠምቼ አጠጥታችሁኛል፣ እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል እያለ የሚሄደው የማቴዎስ 25። ልጅ ሆኜ ዐሥሩ ይቀሉኝ ነበር። "አላደረግኩም" ብለህ ታልፋቸዋለህ። በስድስቱ የሚጠየቀው ግን ምንም ያላደረገው ነው።

ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሕግን "ሞግዚታችን" ብሎ ይጠራዋል። እኔ ይህን ቃል የማስበው በሰፈራችን ሞግዚቶች ነው። ጠዋት ጠዋት አንዷ በአንድ እጇ ምሳ ዕቃ፣ በሌላው የልጁን እጅ ይዛ ትወርዳለች። አስፋልት ስታሻግረው እስኪያመው ድረስ ጨምቃ ትይዘዋለች፤ ልጁ ይነጫነጫል። የትምህርት ቤቱ በር ጋ ስትደርስ ትለቀዋለች። ፊደል የምታስቆጥረው እሷ አይደለችም፤ ሥራዋ ሳይገጭ ማድረስ ነው። በጳውሎስ ዘመንም ነገሩ ከዚህ አይርቅም፤ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያመላልስ ባሪያ ነበር። አንዳንድ ሰው ከሞግዚቱ እጅ ያመልጣል። እኔ አላመለጥኩም። እኔ ሞግዚቷን አባበልኳት።

አባታችን ሲሞት ግቢ ውስጥ ሁለት የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች ነበሩን። እናቴ "ለእኔ ጡረታው ይበቃኛል፤ ኪራዩን እናንተ ተካፈሉት" አለች። ወንድሜ ሥራው ሐዋሳ ስለነበር ኪራይ ሰብሳቢው እኔ ሆንኩ። ኪራይ ሰብሳቢ የሚለው ቃል በዚህ አገር ምን ዓይነት ስድብ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔ በሁለቱም ትርጉሙ ሆንኩት።

አንድ መስከረም ላይ በእያንዳንዱ ክፍል 1,000 ብር ጨመርኩ። ለወንድሜ አልነገርኩትም። መጀመሪያ "ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ" ነበር። ቀስ ማለቱ 14 ወር ፈጀ። የእሱ ድርሻ በወር 1,000 ብር፣ በጠቅላላው 14,000 ብር።

አንድም ቀን "ሰረቅኩ" ብዬ አስቤ አላውቅም። ቤቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ቧንቧ ሲፈነዳ የማስጠግነው እኔ ነኝ። እሱ ደሞዙ ጥሩ ነው። ልጅ ሆነን ኃጢአት ሲባል ቀንድና ጭራ ያለው ነገር ይመስለን ነበር፤ ለእኔ የመጣልኝ የስልኬን ካልኩሌተር መስሎ ነው። በግዕዝ "ኃጥአ" ማለት በደለ ብቻ አይደለም፤ አጣም ማለት ነው። አማርኛችን "አጣ" የሚለውን ከዚያው ነው ያመጣው። ኃጢአተኛና ያጣ ሰው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እኔ ያጣሁት ምን እንደሆነ የገባኝ ወንድሜ ሲደውል ነው። "ቤቱ እንዴት ነው?" ይለኛል፣ እንደማንኛውም ሰው። እኔ ግን ልቤ ዘሎ "ምን ሰማ?" እላለሁ። ከገዛ ወንድሜ ጋር በእርጋታ ማውራት አጣሁ።

በዚያ ዓመት ሁዳዴን የጾምኩትን ያህል ጾሜ አላውቅም። 55 ቀን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ካፌ ስገባ "ማንኪያው ወተት የነካው እንዳይሆን" እያልኩ አስተናጋጇን አስመርሬያታለሁ። አንድ ቀን ማንኪያውን አስቀይሬ ቡናዬን ሳማስል ደረት ኪሴ ውስጥ የተከራዮቹ ብር ነበር። ክርስቶስ ትንኝ አጥርተው ግመል ስለሚውጡ ሰዎች ተናግሯል። ትንኟ ማንኪያው ላይ ነበረች፤ ግመሉ ኪሴ ውስጥ።

ይባስ ብዬ ለግሻለሁ። የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሊታደስ መዋጮ ሲጠየቅ 4,000 ብር ሰጠሁ። ደረሰኝ ተቆረጠልኝ። ስሜ በድምፅ ማጉያ ተጠራ፣ "እልል በሉለት" ተባለ፣ ተባለልኝም። እናቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከ14ቱ አራቱን ለእግዚአብሔር ሰጠሁ ብዬ ነበር በልቤ። ዛሬ ሳስበው እሱን ተካፋይ ላደርገው ነው የሞከርኩት። ስለ መልካም ሥራ የሚሰበከው ብዙ ጊዜ በትዕቢት ላይ ነው፤ ፈሪሳዊው ቆሞ "እንደ ሌሎች አይደለሁም" ስላለው። የእኔ ትዕቢት አልነበረም። ሽፋን ነበር። ደረሰኝ ያለው ገንዘብ ንጹሕ ይመስላል።

ስቅለት መጣ። እንደ ሕዝቡ ሁሉ ስሰግድ ዋልኩ። ማምሻው ላይ ካህናቱ የወይራ ቅጠላቸውን ይዘው ሲቆሙ ተሰለፍኩ። ሥርዓቱን የማታውቁት ካላችሁ፦ ጀርባህን ትሰጣለህ፣ ቄሱ በወይራው ቸብ ቸብ ያደርጉሃል፣ በደልህን ትናገራለህ፣ ተጨማሪ ስግደት ያዙልሃል። ከፊቴ የነበሩ አንዲት አሮጊት ብዙ አንሾካሾኩና እያለቀሱ ሄዱ። የእኔ ተራ ደረሰ። ቅጠሉ እርጥብ ነበር፤ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ።

"ሰው አምቻለሁ፤ ተሳድቤያለሁ" አልኩ።

"ሃምሳ ጨምር።"

ጥግ ይዤ ሰገድኩ። ሃምሳ ሲሞላ አላቆምኩም። መቶ አደረስኩት። ያ ትርፉ ሃምሳ ለምን እንደነበር ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔና ጉልበቴ ግን እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ ከስድስት ወር በላይ ቆየሁ። ያስነሳኝ ስብከት አይደለም፤ የእናቴ ቡና ነው።

እናቴ ኪዳነ ምሕረትን ትዘክራለች። ዓመታዊው በዓል የካቲት 16 ነው፤ እሷ ግን ወር በገባ በ16 ዳቦ ትጋግራለች፣ ቡና ታፈላለች። ያን ኅዳር 16 ወንድሜ ለሥራ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። እናቴ በላዔ ሰብእን ተረከችልን፤ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አትጠይቁኝ። የቅምር ሰው ነው። 78 ነፍስ በልቷል፣ ቤተሰቡን ሳይቀር። አንድ ቀን በውሃ ጥም የሚቃጠል ለምጻም አገኘ። ለምጻሙ በእግዚአብሔር ስም ለመነው፣ እምቢ አለ። በመጨረሻ "ስለ ማርያም" ሲለው ከያዘው ውሃ እፍኝ ታህል ሰጠው፤ ጉሮሮ እንኳ በቅጡ የማታርስ። ሲሞት ነፍሱ ወደ ሚዛን ቀረበች። በአንድ ወገን 78 ነፍስ፣ በሌላው ያቺ እፍኝ ውሃ። ነፍሳቱ ደፉ። ያኔ እመቤታችን ጥላዋን ውሃው ላይ ጣለች፤ ውሃው ደፋ።

ወንድሜ ከዚህ ታሪክ ጋር በአማላጅነት ነገር ሌላ ጠብ አለው፤ እሱን ልለፈው። ያን ቀን ግን በሌላ በኩል መጣ።

"እማዬ፣ ውሃዋ ብቻዋን ደፍታለች?"

"አልደፋችም። ጥላዋን ጥላባት ነው እንጂ።"

"እንግዲያ ያዳነው ሥራው አይደለማ!"

እናቴ ስኒውን አስቀመጠች። "ውሃዋን ባይሰጥስ? ጥላዋን በምን ላይ ትጥለው ነበር?"

ወንድሜ ዝም አለ። በሀያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም። እንደ ልማዴ የታዛቢ ፈገግታዬን ፈገግ ልል ነበር። ሌላ ነገር መጣብኝ። ይህን ታሪክ ስንሰማ ስለ ውሃው እንከራከራለን፣ ስለ ጥላው እንከራከራለን። ስለ 78ቱ ማንም አይጠይቅም። ሚዛን ላይ ክብደት ሆነው ተቀምጠዋል እንጂ እያንዳንዳቸው ሰው ነበሩ። ስም ነበራቸው፣ የሚጠብቃቸው ነበር። ቀና ስል ከተበሉት አንዱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሁለተኛ ቡናውን ይጠጣል። ስኳር ያበዛል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው።

በዚያው ሳምንት የንስሐ አባታችን ቤት መጡ። ጸበል ረጭተው፣ ምሳ ቀምሰው ሲወጡ ታክሲ ድረስ ሸኘኋቸው። መንገድ ላይ ነገርኳቸው። ቆሙ።

"ብሩ አለህ?" አሉኝ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ይህን ነው።

"ግማሹ አለ፣ አባ።"

"እንግዲያ አሁን ቀኖና አልሰጥህም። ስግደት ብሰጥህ ሰግደህ ትገላገላለህ። መጀመሪያ መልስ። ከዚያ ና።"

እኔ እኮ ቁጥር ነበር የጠበቅኩት። አርባ፣ መቶ፣ ሦስት መቶ። ከቁጥር ጋር እንግባባለን። ነገሩን ለማቅለል ብዬ፣ "ዘኬዎስ አራት እጥፍ ነው የመለሰው አይደል?" አልኳቸው።

"አንተ መጀመሪያ አንዱን እጥፍ አምጣ" አሉኝ።

"ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የሰጠሁት 4,000ስ?"

ታክሲው መጥቶ ቆሟል፤ ረዳቱ ይጣራል። አባ አንድ እግራቸውን አስገብተው ዞር አሉ። "እሱን የሰጠው ወንድምህ ነው" አሉና ገቡ።

በሞባይል ባንኪንግ መላክ ይቻል ነበር። ሞክሬያለሁ። ቁጥሩን ጻፍኩ፣ 14,000 ብር አልኩ፣ ከዚያ "ምክንያት" የሚል ባዶ ሳጥን መጣ። ሩብ ሰዓት ያህል አየሁት። ምን ይጻፋል? አጠፋሁትና የጎደለውን ከመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ተበድሬ ቅዳሜ ጠዋት ሐዋሳ ወረድኩ።

ወንድሜ ቤት ዓሣ ተጠብሶ ጠበቀኝ። ሚስቱ ገበታውን እስክታነሳ ታገስኩና ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ሁሉንም ነገርኩት። ከየት እንደጀመርኩ አላስታውስም። እጄን ነበር የማየው። በልቤ ምን እጠብቅ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። የጸጋ ሰው ነው። "ይቅር ብዬሃለሁ፣ ብሩን ተወው" ይለኛል ብዬ ነበር። እንዲህ ባልጠብቅ ኖሮ ለምን ዓሣውን በዚያ ጥፍጥና በላሁት?

ፖስታውን ከፈተ። ጣቱን በምላሱ እያራሰ ቆጠረ። ጨርሶ እንደገና ቆጠረ።

"ልክ ነው" አለ። "ይቅር ብዬሃለሁ። ብሩን ግን እወስደዋለሁ።"

ሳላስበው፣ "ጸጋ ነጻ ነው ስትል አልነበር?" አልኩት። ምን ዓይነት ድፍረት እንደሆነ አላውቅም።

"ለተቀባዩ ነው ነጻ። ከፋዩን ጠይቀው" አለኝ። አልጮኸም። ዓይኑ ቀልቷል። "14 ወር ሙሉ ስደውልልህ ድምፅህ ሌላ ነበር። እኔ ደግሞ ጴንጤ በመሆኔ የራቅከኝ መስሎኝ ስጸልይልህ ነበር።"

ይህን አልጠበቅኩም። በእኔ ካልኩሌተር ውስጥ ይህ ሒሳብ አልነበረም።

ቆይቶ የጣሪያውን ነገርኩት። አባ ያሉትንም። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ተነስቶ ቆመ።

"ቆይ፣ የኦርቶዶክስ ጣሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ ማለት ነው?"

"በእኔ ስም እልል ተብሎልሃል።"

ሳቅ ጀመረው። ሚስቱ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን፤ የማን እንባ ከምን እንደመጣ አልጠየቅንም። ማታ ስንተኛ ከ14,000ው ላይ 1,400 ብር ለይቶ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ሲከት አየሁት። አሥራቱ ነው። "ከዚህም ታወጣለህ?" ብለው "ገቢ ነዋ!" አለኝ።

ለአባ ተመልሼ ነገርኳቸው። በቀን 40 ስግደት ለአንድ ሳምንት ሰጡኝ። ትንሽ ነው ብዬ ቅር እንዳለኝ አልደብቅም። ግን ሌላ ዓይነት ስግደት ሆነ። የስቅለቱ መቶ ጉልበቴን ነው የፈጀው። በዚህኛው ግንባሬ ወለሉን ሲነካ የወንድሜ ፊት ይመጣብኛል፣ ጣቱን እያራሰ ሲቆጥር፣ ዓይኑ ቀልቶ። አንዳንዴ እየሰገድኩ ሳቄ ይመጣል። አርባ ሲሞላ አቆማለሁ። አንድም አልጨመርኩም። ለእናቴ ግን እስካሁን አልነገርናትም። እሷ አሁንም የጣሪያውን መዋጮ ለጎረቤት ታወራለች፤ ወንድሜ በሰማ ቁጥር በጠረጴዛ ሥር እግሬን ይረግጠኛል።

ባለፈው ግንቦት ወንድሜ ከሐዋሳ ሲመጣ በጥቁር ላስቲክ የተተከለ የአቮካዶ ችግኝ ይዞ መጣ። ሰርቪሶቹ ጎን ተከልነው። ክረምቱን ቆሞ ከረመ። መስከረም ላይ ቅጠሉ ጠውልጎ ረገፈ። ጥቅምት ላይ አንድ የደረቀ ዘንግ ሆነ። እኔ መነቀል አለበት ባይ ነበርኩ።

ወንድሜ ቪዲዮ ደወለ። ስልኩን ወደ ችግኙ አዞርኩለት።

"ጸድቋል እሱ! አትንኩት!" አለ ከሐዋሳ ሆኖ። ምስሉ እየተቆራረጠ ነው፤ ችግኙን ማየቱንም እንጃ።

እናቴ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ቁጢጥ አለች። በአውራ ጣቷ ጥፍር የግንዱን ቅርፊት ፋቅ አደረገችው። ከግራጫው ሥር ቀጭን አረንጓዴ መስመር ታየ። ክር ታህላለች። እርጥብ ናት።

"አየሽ?" አለ ወንድሜ። "አላልኩሽም?"

"በጋው መች ገባና" አለች እናቴ። "እስቲ ይለፍ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ምን ቆመህ ታየኛለህ? ጆጉን አምጣ እንጂ።"